ትኬት ስትቆርጡ አፋችሁን አትክፈቱ፦ ባህር ዳር ላይ ያየኋቸው ሁለት ፊልሞች

ባህር ዳር ሄዳችሁ ሲኒማ ለመግባት ካሰባችሁ ትኬቱን ዘመድ ይቁረጥላችሁ። እናንተ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ አፋችሁንም አትክፈቱ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር የመጀመሪያው ቀን እንደዚያ አይበላሽብኝም ነበር።

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አገሬ የገባሁት ከ14 ዓመት በኋላ ነው፣ የ11 ዓመት ልጄን ይዤ። እዚያ የአማርኛ ፊልም የማየው ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ስልኬን የዘይት ጠርሙስ ላይ አስደግፌ ነው። አንዳንዴ አዲስ ፊልም ሲመጣ አዳራሽ ተከራይተው ያሳዩናል፤ 20 ዶላራችንን ከፍለን ከማናውቀው ሁሉ ጋር ስንሳሳም ግማሹ ያልፋል። ስለዚህ ከምኞቶቼ አንዱ አገሬ ላይ፣ ሰው መሀል ተቀምጬ፣ ሲስቁ እየሳቅሁ አዲስ ፊልም ማየት ነበር። ጢስ ዓባይ እንደሆነ የትም አይሄድ።

ቅዳሜ ለ8 ሰዓቱ ከአክስቴ፣ ከአክስቴ ልጅና ከልጄ ጋር ሄድን። የአዳራሹን ስም አልጠራም። በሩ ላይ 150 ብር የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቦርሳዬን ስከፍት ልጄ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ፣ እኔም በእንግሊዝኛ መለስኩለት። ትኬት ቆራጩ ቀና ብሎ አየንና “ለእናንተ ቪአይፒ ነው፣ 600” አለኝ። ለአክስቴና ለልጇስ? 150። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ፊልም፣ ሁለት ዋጋ።

ገንዘቡ አይደለም ብዬ አልዋሽም፤ ገንዘቡም ነው። የባሰችብኝ ግን “ለእናንተ” የምትለዋ ናት። እዚሁ ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው ያደግኩት። “እኔም እኮ የዚሁ ልጅ ነኝ” ስለው “እሱማ መች ጠፋን፣ እህቴ” አለኝ ፈገግ ብሎ። ፈገግታው ሞቅ ያለ ነው፣ ዋጋው ግን ንቅንቅ አላለም። አክስቴ “ተይው፣ ልጁ ፊት አትጨቃጨቂ” ብላ ክንዴን ስትይዘኝ ከፈልኩ። የሰጠኝን ትኬት ገልብጬ ሳየው 150 ይላል። ቪአይፒ የተባለውም የመጀመሪያው ረድፍ ነው፤ አንገት አንጋጦ የተዋናይ አፍንጫ ማየት። እኔና ልጄ ትተነው አክስቴ ጋ ኋላ ተቀመጥን።

8 ሰዓት ሞላ። “ሰው ትንሽ ይሙላ” ተባልን። 8 ከ40 ሲሆን መብራት ሄደ። ጄኔሬተር አለ፣ ናፍጣ የለም። ናፍጣ የሚያመጣ ልጅ ተላከ፤ ልጁም ቀረ። ከዚሁ ከጣና በሚሳብ ውሃ የበለስ ኃይል ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል ይባላል፤ እኛ እዚሁ ሐይቁ ዳር በስልክ መብራት እንተያያለን። አክስቴ ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ፈትታ ለፊታችን ረድፍ ሁሉ አደለች። እሱን ሰዓት አልጠላሁትም፣ እውነቱን ለመናገር። ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ጨለማ ውስጥ ቆሎ ከቆረጠምኩ ስንት ዘመኔ! ግን የከፈልኩት ለቆሎ አልነበረም። ወጥቼ “ይቅርብን፣ ብራችንን መልሱ” ስል “ሥራ አስኪያጁ የለም” አሉኝ። አሜሪካ ቢሆን ይቅርታ ጠይቀው ለሌላ ቀን ነጻ ትኬት ይሰጡ ነበር። እርግጥ እነሱም በሰዓቱ ይጀምሩና 20 ደቂቃ ሙሉ ማስታወቂያ ያሳዩሃል።

9 ከ50 ላይ ተጀመረ። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የወጣው የኮምፒውተሩ ገጽ ነው፤ “ሠርግ የመጨረሻ” የሚል ፎልደር ሁላችንም አነበብን። ከዚያ ፊልሙ ገባ፣ የማውሷ ቀስት ግን የሚያነሳት ጠፍቶ ዋናዋ ተዋናይት ጉንጭ ላይ ማርያም የሳመቻት መስላ እስከ መጨረሻው ቆየች።

ፊልሙ ኮሜዲ ነው። ገና መውጣቱ ስለሆነ ገበያውን አላበላሽበትም፣ ስሙን ልተወው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የሀብታም ግቢ፣ አንድ ዘበኛ፣ አንድ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ። ዘበኛው ከጎጃም የመጣ ነው ተብሎ በየዐረፍተ ነገሩ “ኧረግ! ኧረግ!” ይላል፤ ዜማው የጎጃም ሳይሆን ጎጃምን በቀልድ ብቻ የሚያውቅ ሰው ዜማ ነው። ሲሠራ ሞኝ፣ ሲያፈቅር ሞኝ፣ ሲበላም ሞኝ። አክስቴ ዞር ብላ “ኧረግ! እኛ እንዲህ ነው እንዴ የምናወራው?” ስትለኝ አዳራሹ ከፊልሙ ይልቅ በእሷ ሳቀ። ዳያስፖራው ደግሞ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ እየጎተተ፣ ግማሽ እንግሊዝኛ ግማሽ አማርኛ እያወራ ያገኘው ሁሉ የሚዘርፈው ጅል ነው። ሰው በእሱ ሲስቅ እኔ የ600 ብር ትኬቴን ኪሴ ውስጥ ነካሁት። ጎጃሜዋም እኔ፣ ዳያስፖራዋም እኔ፤ ሁለቱንም ቂል አድርገው ላሳዩኝ ሰዎች የአራት ሰው ዋጋ ከፍያለሁ።

ከውጭ የሚመለስ ሰው ታሪክ እንደዚህ ብቻ መሠራት አለበት ያለ ማን ነው? ኃይሌ ገሪማ ‘ጤዛ’ ላይ ከጀርመን የሚመለሰውን ሐኪም ሲያሳየን ሰውየው ምን እንዳጣ፣ መንደሩም ምን እንዳጣ አብረን አየን፤ ፊልሙም በፈረንጆቹ 2009 ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የሚባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ሁሉም ጤዛን ይሥራ አላልኩም። ግን ሻንጣ ብቻ አይደለንም።

ስንወጣ 12 ሰዓት ሊሆን ነው። በኮንትራት የያዝነው የባጃጅ ልጅ በ10 ሰዓት ሊወስደን ነበር የተቀጣጠረን። “እታለም፣ ይሄ ሦስተኛዬ ነው፤ እየመጣሁ እየተመለስኩ” አለኝ። የጠየቀኝ ግን መጀመሪያ የተስማማንበትን ብቻ ነው። ጨምሬ ስሰጠው ለአክስቴ “እማማ፣ ይያዙላት” ብሎ መለሰ፤ በግድ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት።

ማክሰኞ ሌላ አዳራሽ ሄድን። ትኬቱን የአክስቴ ልጅ ቆረጠ፣ እኔ ማዶ የለውዝ ሻጯ ጋ ቆሜ ጠበቅሁ። ለሁላችንም አንድ ዋጋ። በአምስት ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ፤ በር ላይ ያለችው ልጅ በስልኳ መብራት አክስቴን ደረጃ በደረጃ ይዛ አስቀመጠቻት። ሽንት ቤቱ ውሃ ነበረው። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም፣ በጣም ጥሩ ነው።

ፊልሙ ልጇ በሊቢያ በኩል የወጣባት እናት ታሪክ ነው። ጅማሬው እንደ ሁሉም ሰው ድሮን ነው፤ ጣና ከላይ፣ ታንኳ፣ ፀሐይ። (ድሮን ከገባ ወዲህ ጣናን ከመሬት የሚያነሳው ጠፋ።) ዋሽንቱም በዝቷል፤ ሴትዮዋ ገና ሳታለቅስ ቀድሞ ያለቅሳል። ግን አንድ ቦታ አለ። እናትየው ቡና እየቆላች ስልኩ ይጠራል። አይታ ዝም ትላለች። ደግሞ ይጠራል። ቡናው ማረር ይጀምራል፣ ጭሱ ፊቷን ይሸፍነዋል፣ እሷ ማንኪያውን አታቆምም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ አዳራሹ ውስጥ የሚተነፍስ አልነበረም። እኔ በ14 ዓመት ውስጥ እናቴ ጋ ስንቴ ደውዬ ሳይነሳ እንደቀረ እያሰብኩ ነበር።

ከዚያ ሴትዮዋ “አንጀቴን በላው” ብላ አነባች። ከስር ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቃል በቃል አንጀቷን ጎረሰው ብሎ ተረጎመው። ልጄ ጆሮዬ ሥር “ማሚ፣ ማነው የበላት?” አለኝ። እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ አመለጠኝ፣ አክስቴም በክርኗ ጎሸመችኝ። አዘጋጆቹ ይህን ካነበባችሁ ጽሑፉን እንደገና አሠሩት፤ የእኛ ልጆች ፊልማችሁን የሚያዩት በእሱ ነው። መጨረሻውንም ያቺ ሴትዮ ራሷ ታሪኩን ቁጭ ብላ ባታስረዳን ጥሩ ነበር፤ ገብቶን ነበር እኮ።

የወሰደን ያው የባጃጅ ልጅ ነው። ዓባይ ድልድይ ጋ ስንደርስ በመስታወቱ አየኝና ፊልሙ እንዴት ነበር አለኝ። አሪፍ ነው፣ ሄደህ እየው አልኩት።

“የቅዳሜዋን ቴሌግራም ላይ አግኝቻት ነበር” አለ። “ይቺኛዋ ገና አልወጣችም። ስትወጣ ልላክልሽ?”