ሻይ ከመትከላችሁ በፊት መሬቱን ለዚህ ሰው አሳዩት

አንድ የአፈር ባለሙያ ላመሰግን ነው። ስሜን አትጻፍ ስላለኝ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ሻይ ልተክልበት ያሰብኩትን መሬት እንዲያይልኝ ነበር የጠራሁት። ብዙዎቹ መጥተው "ቀይ አፈር ነው፣ ይሆናል" ብለው ሒሳባቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። እሱ መጀመሪያ ጉድጓድ አስቆፈረ፣ ያውም ከአንድ ሜትር በላይ። የሻይ ሥር ወደ ታች ጠልቆ ስለሚሄድ ላይ ላዩን አይቶ መፍረድ አይቻልም አለ። ከዚያ ራሱ ገብቶ ግድግዳውን በቢላ እየፋቀ አሳየኝ፤ እስከ ታች ቀይ ከሆነ ውኃ ያሳልፋል፣ ግራጫና ዝንጉርጉር ከሆነ ግን ውኃ ይተኛበታል፣ ሻይ ደግሞ ሥሩ ውኃ ውስጥ ከቆየ አለቀለት። ከመሬቴ በታችኛው በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ ነው፣ ሲረጥብ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ። "እዚህ ችግኝ አታባክን" አለኝ ቁርጥ አድርጎ። አሸዋማውን ጥግ አልናቀውም። ቶሎ ይደርቃል፣ ማዳበሪያውም ይታጠብበታል፣ ግን የተገረዘው ቅርንጫፍ እዚያው እየተተወ ከበሰበሰ ይሻሻላል።

የኮመጠጠ አፈር ሲባል ሁላችንም ኮምጣጣነቱን የሚቀንሰው ኖራ ነው የሚታየን። ሻይ ግን የሚመቸው ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበዛል) ከ4.5 እስከ 5.5 ነው። ሌላውን ሰብል የሚጎዳውን አሉሚኒየም እንኳ ቅጠሉ ውስጥ እያከማቸ ይኖራል። ስለዚህ ሳይለኩ ኖራ መበተን እዚህ ጉዳት ነው።

በጣም የገረመኝ ድሮ ቤት ከነበረበት ቦታ ለብቻው ናሙና መውሰዱ ነው። ለዓይን ከሁሉም ለም የሚመስለው እሱ ነው እኮ! ለዓመታት የምድጃ አመድ የተደፋበት መሬት ፒኤቹ ከፍ ስለሚል ሻይ እዚያ ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል አለኝ። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣም እንዳለው ሆነ። ያንን ቦታ ከተከላው አውጥተነዋል።

ማዳበሪያ ላይም ቸኩሎ አላዘዘም። የቅጠል ምርት በዋናነት ናይትሮጅን ይፈልጋል፣ ነገር ግን እንደ አሞኒየም ሰልፌት ያለው በየዓመቱ ሲጨመር አፈሩን ይበልጥ ያኮመጥጠዋል፤ ለሻይም ቢሆን ከልክ ያለፈ ኮምጣጣ አለ። ስለዚህ ከተከላው በኋላም እየመጣ ሊለካ ተስማምተናል።

ስትጠሩት ቆፋሪ አዘጋጁ። ናሙና ሳይወሰድ ማዳበሪያም ኖራም እንዳትበትኑ።