የደሴ የኑግ ዘይት፦ ለልብ ይበጃል፣ ግን አይታችሁ ግዙት

ደሴ ገበያ ላይ በሊትር እየተቀዳ የሚሸጠው የኑግ ዘይት ከሚረጋው የፓልም ዘይት ይልቅ ለልብ በጣም ይሻላል። ዋጋው ግን ወደድ ይላል፤ እንዴት እንደሚገዛና እንደሚቀመጥ ያላወቀ ሰው ደግሞ ገንዘቡንም ጥቅሙንም ያጣል።

ልዩነቱ ከስቡ ነው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው የሚረጋ ስብ ሲሆን የኑግ ዘይት ውስጥ ያለው ግን 15 በመቶ ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብትጨምሩ ከፓልሙ 7 ግራም፣ ከኑጉ 2 ግራም የሚረጋ ስብ ታገኛላችሁ። በቀን 2,000 ካሎሪ የሚበላ ሰው በዓለም ጤና ድርጅት ምክር መሠረት ከ22 ግራም ባያልፍ ይመረጣል። ንጥር ቅቤ ከፓልሙም ይብሳል። ይህ ስብ ሲበዛ ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም የማንሳት አቅሙ ይቀንሳል፤ የተረፈው ደም ሥር ላይ ይጋገራል። ጀሪካኑ ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» የሚለው ጽሑፍ አያታላችሁ። ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ የፓልም ዘይት ጉዳቱ በስቡ ነው።

አሁን ወደ ግዢው። ትልቁ ችግር ቅልቅል ነው፤ ለዚህ ደግሞ የደሴ ብርድ ጥሩ መርማሪ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ትንሽ ዘይት በብርጭቆ ቀድታችሁ መስኮት ላይ አሳድሩት። ንጹሕ የኑግ ዘይት ጠዋትም ፈሳሽ ነው። ከሥሩ ነጭ፣ ሰም የመሰለ ነገር ከረጋ ፓልም ገብቶበታል። ቡናማ ወይም ጥቁር ዝቃጭ ካያችሁ ግን የፋጉሎው ትርፍራፊ ነውና አጥልሉት። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለችና ሞቃት ስለሆነች ቅልቅሉ ውጭ ቢያድርም ላይረጋ ይችላል፤ እዚያ ፍሪጅ ውስጥ ለ12 ሰዓት ያህል አቆዩት፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይደለም። በመጠኑ ቢደፈርስ አትደንግጡ። ይህ ምርመራ ፓልምን እንጂ እንደ አኩሪ አተር ያለ ሌላ ፈሳሽ ዘይትን አያጋልጥም።

ሁለተኛው ጉድለት ዕቃው ነው። ባገለገለ ሃይላንድ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ የተደረደረውን እለፉት። የኑግ ስብ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል፤ ያረጀ ቀለም ይሸታል፣ ሲቀመስም ጉሮሮ ይቧጥጣል። ጥሩው የተቆላ ኑግ ጠረን አለው። የሚቻል ከሆነ ከመጭመቂያው በር፣ በዚያው ሳምንት የተጨመቀውን፣ ከአንድ ወር በማያልፍ መጠን ግዙ። ቤት ስትደርሱ ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ገልብጣችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ ከምድጃው አርቁት።

ለወጥ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት መጀመሪያ በደረቁ አቁላሉ፤ ሲይዝ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውኃ ጨምሩ። ዘይቱ የሚገባው ሽንኩርቱ ከተቁላላ በኋላ ሲሆን ለ5 ሰው 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። በዚህ አያያዝ 5 ሰው ያለበት ቤት በወር 2 ሊትር ሊበቃው ይችላል። ይህም ለአንድ ሰው በቀን 13 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። የዋጋው ልዩነት የሚካሰውም እዚሁ ላይ ነው።

ለሳምቡሳና ለቦምቦሊኖ ግን አንመክረውም። በብዛት ፈልቶ ደጋግሞ ሲጠበስበት ቶሎ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ አረፋ ያወጣል፤ ያኔ ለልብ የነበረው ጥቅም አብሮ ይጠፋል።

አንድ የሚጎድለውም አለ፤ ኦሜጋ 3 የሚባለው ለልብ የሚበጅ ስብ ከሞላ ጎደል የለውም። ያንን በተልባ ሙሉት። በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ለአዋቂ ሰው የሚፈለገውን የዕፅዋት ኦሜጋ 3 ያህል ይሰጣል። ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ለብ አድርጋችሁ ቆልታችሁ ፍጩ፤ የተፈጨ ተልባም እንደ ኑጉ ቶሎ ይበላሻል።