«የመቅደላ ኢቺንግ» ሲሏችሁ መጀመሪያ ጀርባውን አሳዩን በሉ

ዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ሰልፍ፣ የእሮጌ ውጊያና የመቅደላ መያዝ የሚታዩባቸው ሥዕሎች «የ1868 እ.ኤ.አ. ኦሪጅናል የመዳብ ኢቺንግ» (በአሲድ ከተቀረጸ የመዳብ ሳህን የታተመ ሥዕል) ተብለው በውድ ይሸጣሉ። ብዙ ጊዜ እጃችሁ የሚገባው ግን ከሳምንታዊ ጋዜጣ የተቆረጠ ገጽ ነው። ገጹ በራሱ ጥሩ ቅርስ ነው፤ ችግሩ በሌላ ነገር ዋጋ መሸጡ ነው።

«ዘ ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» ሠዓሊውን ዊልያም ሲምፕሰንን ለዘመቻው ልኮ ነበር። ጋዜጣው ያኔ ሥዕል ያትም የነበረው በእንጨት ላይ አስቀርጾ ነው። ይመረጥ የነበረው ጠንካራ እንጨት ግንዱ ቀጭን ስለሆነ ለትልቅ ሥዕል ብዙ ቁራጭ በብሎን ይያያዝ ነበር፤ ሥራው እንዲፈጥን ተፈታትቶ ለተለያዩ ቀራጮች ይታደልና መልሶ ይገጠም ነበር። ስለዚህ ሰማዩን ወይም የሠራዊቱን ሰልፍ ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ ቀጭን ነጭ መስመር ካያችሁ የእንጨት መጋጠሚያ ነው። ጀርባው ላይ የጋዜጣ ጽሑፍ ካለ ነገሩ አለቀ።

ኢቺንግ ሌላ ነው። አሲድ የበላው የመዳብ ሳህን ቀለሙን በጎድጓዳ መስመሮቹ ይዞ በከባድ ማተሚያ ወረቀቱ ላይ ይተወዋል። ብርሃን ከጎን ስታበሩበት ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በዙሪያውም የሳህኑ ጠርዝ የረገጠው ስርጉድ አለ። ስርጉዱን ብቻ አይታችሁ አትመኑ፤ ባዶ ሳህን በመጫንም ይሠራል።

በ10 እጥፍ ማጉያ ሥዕሉ ወደ እኩል ነጠብጣቦች ከተበተነ ከፎቶ የተባዛ ነው፤ ጋዜጣም አይደለም፣ ኢቺንግም አይደለም። በጥቁር (አልትራቫዮሌት) መብራት ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራ ወረቀትም የ1868 ሊሆን አይችልም፤ የሚያበራው ኬሚካል የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ለቀለሙ ጭማሪ አትክፈሉ። የዘመቻው ገጾች የታተሙት በጥቁር ብቻ ነው፤ ቀለሙ በኋላ በእጅ የተቀባ ነው። በመታጠፊያው ስንጥቅ ውስጥ ቀለም ከገባ፣ ወረቀቱ ካረጀ በኋላ መቀባቱን ያሳብቃል። «ፎቶግራፋቸውን አይቶ የሳላቸው» የሚባል የዐፄ ቴዎድሮስ ምስልም ዋጋ ማስወደጃ ነው፤ በሕይወት ሳሉ የተነሱት ፎቶ አይታወቅም።

ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ፎቶ ጠይቁ፦ ሙሉ ገጹን ከነኅዳጉ፣ ጀርባውን፣ አንዱን ጥግ ከማስመሪያ ጋር በቅርበት። ፍሬሙን አልፈታም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እለፉት። ካርቶን ላይ በሙጫ የተለጠፈውን ደግሞ በቅናሽም አትውሰዱ፤ ጀርባው አይታይም፣ ሙጫውም ወረቀቱን ያበላሸዋል።