ለስተርንድራይቭ የታችኛው ማርሽ ኬብል፦ ከአንድ ወቅት አጠቃቀም በኋላ

ይህን የስተርንድራይቭ (ሞተሩ በጀልባው ውስጥ፣ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ክፍል ደግሞ ከኋላ በውጭ ያለበት አሠራር) መለወጫ ኬብል የገዛሁት የጀልባዬ ማርሽ ሲገባ እየተንገጫገጨ፣ ወደ ፎሌ (ማርሽ ወዳልገባበት ቦታ) ሲመለስ ደግሞ አልላቀቅ እያለ፣ ወደ መቆሚያው በቀረብሁ ቁጥር ሞተሩን ማጥፋት ግድ ስለሆነብኝ ነው። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚጠቅመው ድምፁ በእርግጥ ከኬብሉ የመጣ እንደሆነ ላረጋገጠ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ስለ ምርመራው ሳልናገር ኬብሉን ማመስገን አልፈልግም።

የእኔ ድራይቭ መርክሩዘር አልፋ ዋን ነው። በዚህ ድራይቭ ማርሹን የሚያስገባው በታችኛው ክፍል ያለ፣ ጥርስ ከጥርስ የሚቆላለፍበት ክላች ስለሆነ፣ ሲገባ አንድ ጊዜ ቋ ብሎ መሰማቱ የአሠራሩ ባሕርይ ነው፤ ይህን ድምፅ የትኛውም አዲስ ኬብል አያጠፋውም። ብልሽት የሚባለው ጥርሶቹ ሳይቆላለፉ እየተፋጩ የሚያሰሙት ተከታታይ ድምፅ ሲሆን፣ ሚኒሞው (ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ከፍ ሲል ወይም እጀታው በዝግታ ሲገፋም ይከሰታል። (ብዙ ሰው ለማርሹ ያዘነለት መስሎት እጀታውን ቀስ አድርጎ ይገፋል፤ ጥርሶቹን የሚበላቸው ግን ይኸው ነው።) ጀልባው ሲታጠፍ ብቻ የሚሰማ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከክሮቼራ (ከሞተሩ የሚመጣውን ዙር እየታጠፈ ከሚያስተላልፈው መጋጠሚያ) የሚመጣ እንጂ ከማርሽ የሚመጣ አይደለም።

እኔ በመጀመሪያ ሚኒሞውን በደቂቃ ከ900 ዙር ወደ 650 አወረድሁት፤ መፋጨቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ቀጥሎ የካምቢዮ ዘይቱን አፍስሼ የማፍሰሻውን ብሎን ማግኔት ተመለከትሁ፤ ስስ የብረት ዝቃጭ እንጂ የጥርስ ስባሪ ስላልነበረበት ክላቹ ገና አልተበላም ብዬ ገመትሁ። ጉዳዩን የለየልኝ ግን ሦስተኛው ፍተሻ ነው፦ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ቁልፉንም ነቅዬ፣ ሁለቱን ኬብሎች በሞተሩ ላይ ከሚገናኙበት ሳህን ፈታሁና ለየብቻ በእጄ ሳብሁ። ከእጀታው የሚመጣው ያለ ችግር ተንሸራተተ፤ ወደ ድራይቩ የሚወርደው ግን ረዳቴ ፕሮፔለሩን እያዞረልኝ እንኳ በግድ ነበር የሚንቀሳቀስ። ወደ ፎሌ ስመልስ ሞተሩ አልፎ አልፎ ይጠፋብኝ የነበረበት ምክንያትም ያኔ ተገለጠልኝ፤ በሳህኑ ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ጥርሶቹ እንዲላቀቁ የሞተሩን የሻማ እሳት ለቅጽበት ብቻ መቁረጥ ሲገባው፣ የደረቀው ኬብል ተጭኖ ያቆየው ነበር። አሮጌውን ኬብል ስሰነጥቀው ሽፋኑ ተቀዶ ውሃ ገብቶበት፣ የውስጡ ሽቦ ዝጎ ነበር።

አዲሱ ኬብል ሽፋኑ ወፍራም፣ ሽቦው ለስላሳ፣ ርዝመቱም ልክ ነው። ውሃ የሚከለክለው ላስቲክ ከነማሰሪያው አብሮ መምጣቱ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ድራይቩን ካወረዱ በኋላ ላስቲክ ጎደለ ብሎ ሥራ ማቋረጥ ያበሳጫል። ቅር ያሰኘኝ አብሮት የመጣው መመሪያ ነው፤ ስለ ልኬት ማስተካከል አንድ ደብዛዛ ሥዕል ብቻ ስላለበት የሞተሩን የጥገና መጽሐፍ መክፈት ነበረብኝ። ልኬቱ በጥቂቱ እንኳ ከተዛባ ጥርሶቹ ሙሉ በሙሉ ስለማይቆላለፉ፣ አዲስ ኬብል ገጥሞ የቀድሞውን ድምፅ እንደገና መስማት ይመጣል። የማሰሪያዎቹም ብሎኖች ብረታቸው ለስላሳ ስለሆነ አንዱን ሳጠብቅ ጥርሱ ተበላ።

መግጠሙ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ድራይቩን ሙሉ በሙሉ ማውረድ የግድ ስለሆነ ክሮቼራውንና ኩሺኔታውን በዚያው አጋጣሚ መርምሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ማርሹ በአንድ ቋታ ይገባል፣ ሞተሩ ሳይጠፋም ወደ ፎሌ ይመለሳል። ለኬብሉ ከአምስት አራት ተኩል፣ ለመመሪያው ሁለት ሰጥቻለሁ።