«ቺንጋው ተበዳይ ነው» ላሉኝ መካኒክ

ጎንደር ያላችሁ፣ በተለይ አሮጌ መኪና የምትነዱ፣ ይቺን አንብቡልኝ። አንድ መካኒክ ላመሰግን ነው። እግረ መንገዴንም ልጠቁማችሁ።

መኪናዬ ዲኤክስ ናት፣ የድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ። አባቴ በ1985 ዓ.ም ገዝቷት እሱ ሲያርፍ ለእኔ የቀረች። ለጥምቀት እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አዘዞ አየር ማረፊያ ሄጄ ተቀበልኳት። ሻንጣዋን ጭነን ወደ ከተማ ስንወጣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ መጣ። እህቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጣል አድርጋ «ለበዓሉ ጎማ ማቃጠል ጀመራችሁ እንዴ?» አለችኝ። ከውጭ ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁት። ባሰ!

በበነጋው ለቤቴ የሚቀርበኝ ጋራዥ ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም። ልጆቹ ኮፈኑን ከፍተው «ቺንጋ ነው» አሉ፣ ሞተሩ ላይ የሚዞረው የጎማ ቀበቶ ማለት ነው፣ ቀየሩ፣ ከፈልኩ። በአምስተኛው ቀን ሽታው ተመለሰ። እኔም ተመለስኩ። አሁን ደግሞ «ፍሪሲዮን ነው፣ ካምቢዮ መውረድ አለበት» ሆነ። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ ማለት ነው፣ የሚያገናኘውና የሚለየው ነው። ከነዕቃው 18,000 ብር። ታዲያ ያ ቺንጋ ምን አጥፍቶ ተቀየረ ብል አንዱ «እህት፣ አንቺ አይገባሽም» አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ አስተምሬያለሁ። የማይገባ ነገር እንዴት እንደሚገባ ትንሽ አውቃለሁ። ግን ሊያስረዳኝ የሞከረም የለም። ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

የሥራ ባልደረባዬ ናት ወደ እኝህ ሰው የመራችኝ። ታፔላ የላቸውም። አንድ የቆርቆሮ በር፣ አንድ የባሕር ዛፍ ጥላ፣ አንድ ተላላኪ ልጅ፣ በቃ። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ኮፈን ይከፍታሉ ብዬ ስጠብቅ ዱካ ሰጡኝና ይጠይቁኝ ጀመር። ሽታው መቼ መቼ ነው? ጠዋት እንዳስነሳሽ ነው ወይስ ከሄድሽ በኋላ? ማታ መብራት ስታበሪ ይብሳል? ሲጥ የሚል ድምፅ አለው? የባትሪዋ ቀይ መብራት ዳሽቦርድ ላይ ብልጭ ትላለች? ለካ ብልጭ ትላለች! አይቻት አውቃለሁ፣ ግን መኪናዋ አሮጌ ስለሆነች ነው ብዬ ንቄያት ነበር። ሐኪም ቤት እንኳን እንዲህ የጠየቀኝ የለም።

ከዚያ አንድ ዙር ነድተው መጡ። እያንዳንዱ ቸርኬ አጠገብ መዳፋቸውን አስጠግተው ሙቀቱን ለኩ። ፍሬን ይዞ የቀረ ጎማ ቢኖር አንዱ ብቻውን ይግል ነበር አሉኝ። የግራውም የቀኙም እኩል ነው። ጎንበስ ብለው ማርሚታውንም (የጭስ ማውጫውን) አዩ፤ ፌስታል ተጣብቆበት ሲቀልጥ ሽታው እንደዚሁ ስለሆነ፣ ለፌስታል ብሎ ሞተር ያስፈታ ሰው አለ አሉና ሳቁ። ቀጥሎ ፍሪሲዮኑ። ሜዳ ላይ አቁመው የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ትንሽ ነዳጅ ሰጥተው ፔዳሉን ለቀቁ። መኪናዋ ቀጥ አለች፣ ሞተሩ ጠፋ። «ፍሪሲዮንሽ ቢያልቅ ኖሮ ሞተሩ እየጮኸ ይቀጥል ነበር እንጂ አይጠፋም» አሉኝ። 18,000 ብሬ እዚያው ሜዳ ላይ ተረፈ።

ኮፈኑ የተከፈተው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ያ አዲስ ቺንጋ በውስጥ በኩል እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ዙሪያው ጥቁር ዱቄት ተነስንሷል። «ቺንጋው ተበዳይ ነው፣ በዳዩን እንፈልግ» አሉና ባትሪ የሚሞላውን የዲናሞውን ቡሎን አላልተው ቺንጋውን አወጡት። የውሃ ፓምፑን ፑሊ (ቺንጋው የሚጠመጠምበትን መዘውር) በጣት ሲያዞሩት ያለ ድምፅ ዞረ። ወደ ዲናሞው ሲደርሱ «ነይ ራስሽ አዙሪው» አሉኝ። ልክ አሸዋ የገባበት የቡና መፍጫ ነው። ክርር ይልና ይይዛል፣ ጫን ስትሉት ይለቃል፣ ደግሞ ይይዛል። ኩሽኔታው (ዘንጉ ተደግፎ የሚዞርበት ቀለበት) አልቋል። ዲናሞው አልዞርም ሲል ቺንጋው ላዩ ላይ እየተንሸራተተ ይቃጠላል፣ ሽታው እሱ ነው። ጠዋትና ማታ የሚብሰውም ባትሪው ሲሞላና መብራት ሲበራ ዲናሞው ስለሚከብደው ነው። ይባስ ብሎ እነዚያ ልጆች አዲሱን ቺንጋ እንደ አህያ ጭነት አጥብቀው አስረውት ኩሽኔታውን ጨርሰው ገድለውታል።

ይሄኔ ነው ትንሽ የፈራሁት። ዲኤክስ ላይ ማራገቢያውንም የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። በዚያው ሳምንት ደባርቅ ለሠርግ ልሄድ ነበር። ዳገት ላይ ቢበጠስብኝ ሞተሩ ግሎ ጓርኒሲዮን (የሞተሩን ክዳን የሚያሽገውን) ይበላ ነበር።

ዲናሞውን ሙሉ መቀየር አያስፈልግም ብለው ልጁን ልከው ኩሽኔታ ብቻ አስገዙ። ፈቱ፣ ቀየሩ፣ ገጠሙ። ያንን የሚያብለጨልጨውን ቺንጋም በሌላ ቀየሩት። ሲያስሩት መሃሉን በአውራ ጣት ጫን እያሉ፣ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ሲሰጥ «እዚህ ላይ በቃ» አሉ። ለዕቃው 1,400፣ ለእጃቸው 600 ብር። ስድስት መቶ! ጨምሬ ልስጥዎ ብል «ለሚቀጥለው አቆዪው፣ ዲኤክስ መቼም ሳትመጣ አትቀርም» አሉኝ። አሮጌውን ኩሽኔታ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ የቀየሩትን ዕቃ ለባለቤቱ ሳያሳዩ አይሰዱም።

ወር ሆነኝ፣ ሽታ የለም። ደባርቅ ደርሼ ተመልሻለሁ። ቀይዋ መብራትም ጠፍታለች።

ጋሼ፣ ስልክ ስለማይነካኩ ይሄን እንደማያነቡት አውቃለሁ፣ ልጁ ያንብብልዎ። እግዜር ይስጥልኝ። እጅዎን ይባርክ።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ለምነውኛል፣ ስልክ ሲበዛ ሥራ አይሰራልኝም ብለው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። በኮምፒውተር የሚመረመሩ አዳዲስ መኪኖችን አይነኩም፣ እነሱን ይዛችሁ አትልፉ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ወረፋ ይበዛል። ሽታው ወይም ድምፁ መቼ መቼ እንደሚመጣም አስባችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።