የአያቴን አልጋ ጊታር ላደረጉልኝ ባለሙያ

ጊታር ማሰራት ለምትፈልጉ ሁሉ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። «ስሜን አደባባይ ላይ እንዳትጽፍ» ስላሉኝ አልጽፍም። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ክራርና መሰንቆ ሲሰሩ ኖረው ነው ወደ ጊታር የገቡት። ጋሼ፣ ይሄን የሚያነብልዎት ሰው ካለ፣ እጅዎ ይባረክ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ካረፉ በኋላ የዋንዛ አልጋቸው ተፈትቶ ለቁራሌው ሊሰጥ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ጊታር ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ እዞራለሁ። ርካሹ ፊቱም ጀርባውም ኮምፔርሳቶ ነው፣ ደህናው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። አንድ ጓደኛዬ ስለ ጋሼ ነገረኝና ሳንቃውን አሸክሜ ሄድኩ።

አይተው በደስታ ይቀበሉኛል ብዬ ነበር። ምንም አላሉም። እያንዳንዱን ሳንቃ ጫፉን በሁለት ጣት አንጠልጥለው በሌላኛው እጃቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ጠጋ ያደርጋሉ። ድፍን ያለውን ወዲያ፣ ድምፁን ረዘም የሚያደርገውን ወዲህ። ከዚያ «ልጄ፣ ዋንዛው ለጀርባና ለጎን ግሩም ነው፣ ለፊቱ ግን ዝግባ እንፈልግ» አሉ። ገንዘቤን ተቀብለው ሁሉንም ከአልጋው መስራት ይችሉ ነበር እኮ፣ እኔ ምን አውቃለሁ?

ዝግባውን ያገኘነው ምን አለሽ ተራ ነው። ከፈረሰ ቤት የወጣ የመደርደሪያ ሳንቃ፣ ቀለም በቀለም ላይ የተደራረበበት፣ እኔ ብሆን ዞሬም አላየው። እሳቸው ጫፉን ገፈፍ አድርገው መስመሩ ቀጥ ማለቱን አዩና «ክፈል» አሉኝ። የአሮጌ እንጨት ጥቅሙ ይሄ ነው፤ መጣመሙንም መሰንጠቁንም ድሮ ጨርሶታል።

ፊቱ ላይ ይሄን ያህል መጨነቃቸው ትክክል ነው። ስፔናዊው ጊታር ሰሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ በ1862 እ.ኤ.አ. ጀርባውና ጎኑ ከወረቀት ካርቶን፣ ፊቱ ብቻ ከጥሩ እንጨት የሆነ ጊታር ሰርቶ ነበር፣ ዋናውን ድምፅ የሚያወጣው ፊቱ መሆኑን ለማሳየት። ጊታሩ ባርሴሎና ሙዚየም ውስጥ አለ። ጋሼ ይሄን ስነግራቸው «ታዲያ እኔስ ምን አልኩህ?» ብለው ስራቸውን ቀጠሉ።

ከሁሉ የገረመኝ ጎኑ ሲጎብጥ ነው። 2 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪሆን የሳሳውን ዋንዛ ውሃ ያስነኩትና ውስጡ ከሰል የነደደበት የብረት ቱቦ ላይ አስደግፈው ቀስ እያሉ ይጫኑታል። እንፋሎቱ ቡልቅ ይላል፣ እንጨቱ እምቢ እምቢ ይልና በመጨረሻ ድንገት እሺ ይላል። አንዱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። እኔ ክው ስል እሳቸው ሌላውን አንስተው ውሃ እየነከሩ ነበር።

ጣት የሚያርፍበት ወይራ ነው። ክሩ የሚያርፍበት ደግሞ ከልኳንዳ የመጣ የበሬ አጥንት። ከውጭ የገቡት መቃኛው፣ ፍሬቱ (አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) እና ክሩ ብቻ ናቸው። ጀርባው ላይ የአልጋው ምስማር የነበረበት ቀዳዳ አለ፣ እሱንም በወይራ ደፍነውታል፣ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። እንዲደብቁት አልፈለግኩም።

እኔ የብረት ክር ነበር ያማረኝ። አይሆንም አሉ። የናይለኑ ስድስት ክር ተደምሮ 40 ኪሎ ገደማ ነው የሚስበው፣ የብረቱ ግን 70 ኪሎ ያልፋል፣ አንገቱ ውስጥ ብረት ካልገባ ቀስ በቀስ ይጎብጣል። እሳቸው ደግሞ ያንን ብረት አያስገቡም። «የማልችለውን አልሰራም» አሉኝ፣ በዚህች አነጋገራቸው ነው ልጠቁማቸው የወሰንኩት።

ድምፁን ከፋብሪካ ጊታር ጋር አታወዳድሩት። ወፍራሞቹ ክሮች ሞቅ ያሉ ናቸው፣ ቀጭኖቹ ላይ ትንሽ ይሰስታል። ክብደቱም ከለመድኩት ይበልጣል። ግን አምባሰል ስጫወትበት እናቴ ቴሌቪዥኑን ትቀንሳለች።

እንግዲህ ልትሄዱ ካሰባችሁ ልንገራችሁ፣ ትዕግስት ያስፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ ፊትና ጀርባ አይለጥፉም፣ እንጨት እርጥበት ጠጥቶ እንዳበጠ ከተለጠፈ በጋ ሲገባ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። መቼ ይደርሳል ብላችሁ ብትደውሉ መልሳቸው «ሲደርቅ» ነው፣ ያውም ስልኩን ካነሱ። ግማሹን ቅድሚያ ይቀበላሉ፣ መጀመሪያ ከተስማማችሁት በላይ አንድ ብር አይጨምሩም። የነቀዘ እንጨት ይዛችሁ አትሂዱ፣ ከበር ላይ ነው የሚመልሷችሁ። አሮጌ በር፣ ቁምሳጥን፣ አልጋ ካላችሁ ግን መጀመሪያ የጫፉን ፎቶ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ አሳያቸውና ይሆናል ካሉ አድራሻቸውን እሰጣችኋለሁ።