ለመጀመሪያ ካሜራ፦ ያገለገለ ካኖን 200ዲ ከ50 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር

በጀታችሁ ውስን ከሆነ ገንዘቡን ሁሉ ቦዲው (ሌንስ ያልተገጠመለት ካሜራ) ላይ አትጨርሱት። በደንብ የተያዘ፣ ያገለገለ ካኖን 200ዲ ከነ18-55 ሚሊሜትር ዙም ሌንሱ፣ በተረፈው ብር ደግሞ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ሌንስ (ኤፍ የሌንሱ መክፈቻ ልክ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል፤ ኤስቲኤም የፎከስ ሞተሩ ዓይነት ነው)፤ ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል የዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር፣ በመስታወት የሚሠራ ካሜራ) ምርጫ ማግኘት ይከብዳል።

200ዲ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። 24 ሜጋፒክስል ነው፤ ባትሪና ሜሞሪ ገብቶበት 453 ግራም ይመዝናል። ጃፓን ውስጥ ኪስ ኤክስ9፣ አሜሪካ ውስጥ ሬብል ኤስኤል2 ይባላል፤ ካሜራው ግን ያው ነው። ከጃፓን የመጣ ከሆነ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ሜኑው ወደ እንግሊዝኛ መቀየሩን እዩ። ትልቁ ብልጫው ዱዋል ፒክስል የሚባለው የፎከስ አሠራር ነው። በስክሪኑ እያያችሁ ስትቀርጹ የሰውየውን ፊት በጣት ነካ ማድረግ ይበቃል፤ ሲንቀሳቀስ ይከተለዋል። በቀድሞው የካኖን 700ዲ ይህ ስለሌለ ቪዲዮው ላይ ፎከሱ ወዲያ ወዲህ ሲል ይታያል። የማይክ መሰኪያ አለው፤ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ግን የለውም፣ 4ኬም አይቀርጽም። በቪውፋይንደር (ዐይን ተጠግቶ በሚያይበት ቀዳዳ) ካሉት 9 የፎከስ ነጥቦች የሚታመነው የመሀሉ ነው። ደብዘዝ ባለ አዳራሽ የዳር ነጥቦቹ ሲፈልጉ ቆይተው ይስታሉ፤ መሀለኛውን ያዙ፣ ወይም ወደ ስክሪኑ ዙሩ።

ሻጩ በምትኩ 4000ዲ ቢያቀርብላችሁ እለፉት። ሌንስ የሚገጠምበት ቀለበት ፕላስቲክ ነው፣ ማይክም አይወስድም። 2000ዲና 250ዲ ላይ ደግሞ ካኖን የፍላሽ መሰኪያውን የመሀል ነጥብ ስላስቀረው፣ በዚያች ነጥብ ብቻ የሚሠሩ ርካሽ ፍላሾችና ትሪገሮች (ፍላሽን ከርቀት የሚያስነሱ) አይተኩሱም። ስቱዲዮ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ይህን ቀድሞ ይወቀው። ኒኮን ዲ3500 ፎቶው ግሩም ነው፣ ባትሪውም ይቆያል፤ ግን ማይክ አይወስድም፣ ቦዲው ውስጥም የፎከስ ሞተር የለም። ኤኤፍ-ዲ የሆነ (የራሱ ሞተር የሌለው) የቆየ ሌንስ በርካሽ ብታገኙለት ፎከሱን በእጃችሁ ማዞር ይኖርባችኋል።

ዋናው ጉዳይ ሌንሱ ነው። 18-55ቱ ወደ 55 ሲዞር የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ነው። ኤፍ 1.8 ከዚያ 10 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል፤ ማታ ቤት ውስጥ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት፤ ሲበዛ ምስሉ ነጠብጣብ ያወጣል) 6400 የሚጠይቀው ፎቶ በ640 አካባቢ ይነሳል። የፊቱ ቆዳ ነጠብጣብ ሳይሆን ቆዳ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ኤስቲኤሙ የብረት ቀለበት አለው፣ 49 ሚሊሜትር ፊልተር ይወስዳል፣ እስከ 35 ሳንቲሜትር ድረስ ያስጠጋል። የፊቱ ክፍል ወጥቶ ሳለ ከተመታ ፎከሱ ይበላሻልና ሁድ (የሌንሱ ፊት መከለያ) ግጠሙለት። ቁጥር 2 የሚባለው የቀድሞው ሞዴል ቀለበቱ ፕላስቲክ ነው፣ ፎከሱም ይጮሃል፤ በእኩል ዋጋ አትውሰዱት።

ሰው በዚህ ሌንስ የሚቸገረው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በኤፍ 1.8 ከ1.5 ሜትር ርቀት ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት 6 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ዐይኑ ጥርት ሲል ጆሮው ብዥ ይላል፤ ሰውየው ትንሽ ወደፊት ዘንበል ካለ ዐይኑም ይሄዳል። ኤፍ 2.8 ላይ ወደ 10 ሳንቲሜትር ይሰፋል፤ ለሁለት ሰው ኤፍ 4 ይሻላል። ሁለተኛው ቦታ ነው። የቆመ ሰው ሙሉ ቁመት ለማስገባት፣ ካሜራውን በቁመት ይዛችሁም ቢሆን፣ ከ4 ሜትር በላይ መራቅ አለባችሁ። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል። ሥራችሁ ልደት፣ የቤት ድግስ፣ ቡና ሲፈላ፣ መሶብ ላይ ያለ ምግብ ከሆነ መጀመሪያ ኢኤፍ-ኤስ 24 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ኤስቲኤም ግዙ፤ ሙሉ ቁመት ከ2 ሜትር ገደማ ይገባል፣ እስከ 16 ሳንቲሜትርም ያስጠጋል። ነገ ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ወደሚተልቀው ካኖን 6ዲ የምታድጉ ከሆነ ግን 24ቱ አይገጥምለትም፤ 50ው አብሯችሁ ይሄዳል።

18-55ቱ ላይ አይኤስ የሚል ጽሑፍ መኖሩን አረጋግጡ፤ የሌለው ዓይነትም ይሸጣል፣ እሱ የእጅ መንቀጥቀጥን አያስታግስም። አብዛኛው 75-300ም እንደዚሁ አይኤስ የለውም፣ 300 ላይም ጥራቱ ይወርዳል። የሩቁን ከፈለጋችሁ ብር አጠራቅማችሁ 55-250 አይኤስ ኤስቲኤም ውሰዱ።

ስትገዙ ሌንሱን አውጡና በስልክ ባትሪ መብራት አሳልፋችሁ እዩት፤ እንደ ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። ከዚያ ገጥማችሁ ኤፍ 22 ላይ ነጭ ግድግዳ ያለ ፎከስ አንሱ፤ በየፎቶው አንድ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ጥቁር ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ነው። በመጨረሻ ኤፍ 8 ላይ ደጋግማችሁ ተኩሱ። አፐርቸሩ (የብርሃን መክፈቻው) የተበላሸ ሌንስ ሙሉ ተከፍቶ ሲነሳ ምንም አይልም፣ ጠበብ ሲል ግን ኤረር 01 ያወጣል፤ ሻጭ በክፍት አፐርቸር ብቻ ካሳያችሁ አታዩትም። ስህተቱ ከመጣ የሌንሱንና የቦዲውን የወርቅ ነጥቦች በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አብሱ፤ ከተመለሰ ችግሩ ውስጡ ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚልክላችሁ ቦዲ ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካ የቪዲዮ ሥርዓት) ላይ ሊሆን ይችላል። ሜኑ ገብታችሁ ፓል (ለ50 ኸርዝ መብራት የሚስማማው ሥርዓት) አድርጉት፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ አቁሙት። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ1/60 ሲቀረጽ አምፖሉ ይርገበገባል፣ ምስሉ ላይም ጥላ ይንሸራተታል። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ትራንስፎርመር አያሻውም፤ የሶኬት አስማሚ ይበቃዋል።

ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልጋችኋል። ስሙ ኤልፒ-ኢ17 ነው፤ ኦሪጅናል ካልሆነ አንዳንዱ የቀረውን ቻርጅ አያሳይም፣ አንዳንዱም በካኖን ቻርጀር አይሞላም፣ ስለዚህ ሱቁ ውስጥ እዚያው ሰክታችሁ ሞክሩት።